ታብሌቱን ከመክፈታችሁ በፊት፦ ኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ተማሪዎች በቴክኖሎጂ የማስተማሪያ መመሪያ

«የትኛው አፕ ይሻላል?» ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ልጅ የሚያስተምር ሰው ቶሎ የሚያነሳው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ከእሱ የሚቀድም ሌላ አለ፦ ልጁ ምን እንዲችል ነው የምንፈልገው? ይህ ካልታወቀ ምርጥ የተባለው አፕ ሳይቀር ልጁን ዝም ማሰኛ ሆኖ ይቀራል። ከታወቀ ደግሞ ካሜራ ያለው ተራ ስልክ ብዙ ያስተምራል።

ይህ መመሪያ ለመምህራን፣ ለረዳት መምህራንና ቤት ውስጥ ለሚያስተምሩ ወላጆች ነው። ኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት አንድ አይደሉም። አንዳንድ ልጅ ላይ አብረው ይገኛሉ፤ አንዳንዱ ላይ ለየብቻ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ጎበዝ አንባቢ ሆኖ ሐሳቡን ለሰው መናገር ሊከብደው ይችላል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ደግሞ ከሰው ጋር ቶሎ የሚግባባ ሆኖ አዲስ ነገር ለመያዝ ብዙ ድግግሞሽ ሊፈልግ ይችላል። እርምጃዎቹ ለሁሉም ይሠራሉ። ፍጥነቱ ግን በልጁ ልክ ነው።

እርምጃ 1፦ አንድ ችሎታ ምረጡ

«ተግባቦቱ ይሻሻላል» የሚል እቅድ ወረቀት ላይ ያምራል እንጂ ክፍል ውስጥ አይሠራም። በዓይን የሚታይ ነገር ጻፉ። «ውሃ ሲጠማው የውሃውን ሥዕል ነክቶ ይጠይቃል»፣ «እጁን ያለ እርዳታ ይታጠባል» ዓይነት። ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ቢያዩት «አድርጎታል» ወይም «አላደረገውም» ብለው መስማማት አለባቸው።

ቀጥሎ ለጥቂት ቀናት ምንም ሳታስተምሩ ተመልከቱት። በእያንዳንዱ ሙከራ ከሦስቱ አንዱን ምልክት አድርጉ፦ ራሱ አደረገው፣ በእርዳታ አደረገው፣ አላደረገውም። ይህ መነሻ ካልተያዘ ከወር በኋላ «የተለወጠ ይመስለኛል» ከማለት ውጪ የምትሉት አይኖራችሁም።

በዚሁ ጊዜ ልጁን ራሱን አጥኑት። ምን ይወዳል? የትኛው ድምፅ ይረብሸዋል? ጣቱ ስክሪን መንካት ይችላል ወይስ ይንሸራተትበታል? ጆሮውና ዓይኑስ ተመርምሯል? ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ላይ ለምሳሌ የመስማትና የማየት ችግር በብዛት ያጋጥማል። «አይመልስም» የተባለ ልጅ ጭራሽ አልሰማ ይሆናል።

እርምጃ 2፦ ለችሎታው የሚሆነውን መሣሪያ ለዩ

በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከ1990 እስከ 2017 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የታተሙ ጥናቶችን መርምረው፣ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆችና ወጣቶች በቂ ማስረጃ ያላቸውን 28 ዘዴዎች በ2020 ይፋ አድርገዋል። ከእነዚህ ውስጥ በሥዕልና በምልክት ማገዝ፣ በቪዲዮ እያሳዩ ማስተማር፣ ንግግርን የሚተኩ ወይም የሚያግዙ የመግባቢያ መንገዶች፣ እንዲሁም በቴክኖሎጂ የታገዘ ትምህርት ይገኙበታል።

ምርጫው ከዚህ በኋላ አያስቸግርም። ልጁ ሐሳቡን መግለጽ ካቃተው የመግባቢያ ሰሌዳ፣ ማለትም ሥዕሎቹን እየነካ የሚናገርበት ገጽ። ተከታታይ ሥራ ከከበደው ቪዲዮ። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መሸጋገር ካስጨነቀው የሥዕል መርሐ ግብርና ሰዓት ቆጣሪ። ማንበብ ካልቻለ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ አፕ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትጀምሩ።

እርምጃ 3፦ መሣሪያውን አዘጋጁ

ታብሌቱን ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት የማያስፈልገውን ሁሉ አጥፉ። ጨዋታ፣ ማስታወቂያ፣ ብቅ የሚል መልእክት፣ ጥሪ፣ ሁሉም ይጥፋ። ልጁ አንድ ነገር ብቻ ይይ።

አይፓድና አይፎን ላይ «ጋይድድ አክሰስ» የሚባል አለ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ፣ አክሰሲቢሊቲ ከሚለው ሥር ታበሩታላችሁ። ከዚያ የምትፈልጉትን አፕ ከፍታችሁ የጎኑን ቁልፍ (አይፓድ ላይ የላይኛውን) ሦስት ጊዜ ትጫናላችሁ፤ የፊት ክብ ቁልፍ ያላቸው ላይ ደግሞ እሱን። ልጁ ከአፑ መውጣት አይችልም። እንዳይነካ የምትፈልጉትን የስክሪን ክፍል በጣታችሁ አክባችሁ መዝጋትም ትችላላችሁ፤ «አጥፋ» የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ ለሚነካ ልጅ ይህ ግልግል ነው። አንድሮይድ ላይ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው «አፕ ፒኒንግ» ነው። የሴኪዩሪቲ ሴቲንግ ውስጥ ፈልጉት፤ ቦታው እንደ ስልኩ ዓይነት ይለያያል። በ2023 ከአይፎን ሶፍትዌር ከአይኦኤስ 17 ጋር የመጣው «አሲስቲቭ አክሰስ» ደግሞ ስልኩን በሙሉ ወደ ጥቂት ትልልቅ ቁልፎች ይቀይረዋል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ወጣቶች በጣም ምቹ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ጣቱ ለሚንቀጠቀጥበት ወይም ደጋግሞ ለሚነካ ልጅ፣ ስክሪኑ ትንሽ ሲቆይበት ብቻ እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል። ብርሃኑን ቀንሱ። ድምፁንም ቀንሱ። የሚንቀሳቀስ ጌጥ ካለው አጥፉት። ታብሌቱ መውደቁ አይቀርምና ወፍራም ሽፋን አልብሱት። የሰሌዳውን የወረቀት ቅጂም አትማችሁ አስቀምጡ። ባትሪ ያልቃል፤ ልጁ ግን ባትሪ ስላለቀ ዝም ማለት የለበትም።

እርምጃ 4፦ የመግባቢያ ሰሌዳ

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነውና።

በሥዕል መግባባት በታብሌት የተጀመረ አይደለም። ልጁ የሥዕል ካርድ ለሰው እየሰጠ የሚፈልገውን የሚጠይቅበት ፔክስ የሚባለው ዘዴ በ1985 አሜሪካ ውስጥ ነው የተጀመረው። አሁን ያው ሐሳብ ስክሪን ላይ ገብቷል። ልጁ ሥዕሉን ሲነካ ታብሌቱ ቃሉን ይናገርለታል። የሚከፈልባቸው አሉ፤ በ2009 መጀመሪያ ለአይፎን ወጥቶ በኋላ አይፓድ ላይም የገባው ፕሮሎኮ ቱ ጎ ከታወቁት አንዱ ነው። በነፃ ለመጀመር ግን ሲቦርድ የተባለው አለ። በኢንተርኔት ማሰሻ ይከፈታል፣ የራሳችሁን ሥዕልና ድምፅም ታስገቡበታላችሁ። ሥዕል ካስፈለገ የስፔኗ የአራጎን ክልል መንግሥት የሚደግፈው አራሳክ የተባለው ስብስብ አለ፤ ለንግድ እስካልሆነ ድረስ በነፃ ይወሰዳል።

ሰሌዳውን ስትሠሩ የስሞች ዝርዝር አታድርጉት። ብዙ ሰው ኳስ፣ ፖም፣ መኪና ብሎ ይጀምርና ልጁ የሚጠይቀው እንጂ የሚናገረው ነገር አይኖረውም። ቀን ሙሉ የሚያገለግሉትን ቃላት አስቀድሙ፦ እፈልጋለሁ፣ አልፈልግም፣ ድገም፣ በቃ፣ እርዳኝ፣ ስጠኝ፣ እንሂድ፣ የት፣ ጨረስኩ። እነዚህ ጨዋታም ላይ፣ ምግብም ላይ፣ ትምህርትም ላይ ይሠራሉ። ቀጥሎ ልጁ የሚወዳቸውን ነገሮችና የሰዎቹን ስም ጨምሩ። ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ሰሌዳ ካገኛችሁ ቃላቱን ልጁ ቤት እንደሚሰማው አድርጋችሁ ቀይሩ። ድምፁን በዕድሜ የሚቀርበው ልጅ ቢቀዳለት ደግሞ ይመረጣል።

አንዴ ቦታ የያዘ ቃል አይነቃነቅ። ልጁ የ«በቃ»ን ቦታ የሚለምደው እኛ የመብራት ማጥፊያና ማብሪያውን በጨለማ እንደምናገኘው ነው። ሰሌዳውን ለማሳመር ብላችሁ ቁልፎቹን ስታቀያይሩ የለመደውን ታጠፉበታላችሁ። ወደፊት ቃላት ለመጨመር ባዶ ቦታ ትታችሁ ጀምሩ።

አሁን ማስተማሩ። «ውሃ የታለ? ንካ! ንካ!» አትበሉ። ይህ ፈተና ነው እንጂ ትምህርት አይደለም። በምትኩ እናንተ ራሳችሁ እየተናገራችሁ ንኩ። ኳስ ስትጫወቱ «ድገም» ብላችሁ ኳሱን ከመወርወራችሁ በፊት «ድገም»ን ንኩ። ስትጨርሱ «በቃ» በሉና «በቃ»ን ንኩ። ልጁ እንዲደግመው አትጠብቁ። ማንኛውም ልጅ መናገር ከመጀመሩ በፊት ወራት ሲሰማ ይቆያል፤ በሰሌዳ የሚናገረውም ልጅ ሰዎች በሰሌዳው ሲናገሩ ማየት አለበት። ከዚያ ቆም በሉ። አምስት ሰከንድ፣ አስር ሰከንድ ዝም ብላችሁ እዩት። ያ ዝምታ ለትልቅ ሰው ይረዝማል። ለልጁ ግን ማሰቢያው ነው።

አንድ ነገር በቅርብ እንይ። ልጁ ቁጭ ብሎ ቅርጾችን እያዛመደ ነው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ «በቃ»ን ይነካል። መምህሯ «አንድ ብቻ ቀርቶናል፣ ጎበዝ» ብላ ከቀጠለች ልጁ የተማረው ቁልፉ እንደማይሠራ ነው። በማግስቱ ጠረጴዛውን ይገለብጣል፤ እሱ ይሠራልና። «በቃ አልክ፣ እሺ» ብላ ለአንድ ደቂቃ ካሳረፈችው ግን ቃል ኃይል እንዳለው ያያል። ሥራው የግድ ማለቅ ካለበት ከእረፍቱ በኋላ ይመለሱበታል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ «በቃ» ሁልጊዜ ይከበር። ትምህርት ቢቀርም ይቅር፤ ይህም ትምህርት ነው።

ወላጆችን በጣም የሚያስጨንቅ ጥያቄ አለ፦ «በታብሌት ከለመደ በአፉ መናገር አይተው ይሆን?» ስጋቱ ይገባኛል። በ2006 የወጣ የምርምር ዳሰሳ በእንዲህ ዓይነት መንገድ የተማሩ የእድገት ውስንነት ያለባቸውን 27 ሰዎች ተመልክቷል። የአንዳቸውም ንግግር አልቀነሰም። 89 በመቶው ላይ እንዲያውም ጨምሯል፤ ጭማሪው ብዙ ጊዜ መጠነኛ ቢሆንም። ስለዚህ «መጀመሪያ በአፉ ይሞክር፣ ካልሆነ እናያለን» እያሉ ዓመታት ማባከን አያስፈልግም።

ሁለት ማሳሰቢያ። አንደኛው፣ የሚናገርበት ታብሌት በቅጣት አይወሰድም። መማታቱ፣ መጮኹ፣ አለመታዘዙ ምክንያት አይሆንም። የሚናገርን ልጅ አፉን አንዘጋም። ስለዚህ ቢቻል የመናገሪያውና የመጫወቻው መሣሪያ ይለያይ። አንድ ብቻ ካለ በጋይድድ አክሰስ ወይም በአፕ ፒኒንግ ሰሌዳው ላይ ተቆልፎ ይዋል።

ሁለተኛው፣ የልጁን እጅ ወይም ክንድ ይዞ እንዲጽፍ «የሚያግዝ» ዘዴ ቢመጣላችሁ አትቀበሉት። ፊደል ሰሌዳ ከፊቱ ይዞ የሚጎተጉተውም እንዲሁ። በመጀመሪያው ላይ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት የሚጻፈው የልጁ ሳይሆን የረዳቱ ሐሳብ መሆኑን ነው፤ ሁለተኛውም እንደሚሠራ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለውም። የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር በ2018 ባወጣው አቋም ሁለቱም ዘዴዎች ጥቅም ላይ እንዳይውሉ አሳስቧል። አንድ ቃል ብቻ ቢሆንም ልጁ በራሱ ጣት የነካት ቃል የእሱ ናት።

እርምጃ 5፦ በቪዲዮ ማስተማር

ለዚህ ስልክ ብቻ ይበቃል። እጅ መታጠብን እንውሰድ። መጀመሪያ ራሳችሁ ታጠቡና የምታደርጉትን በቅደም ተከተል ጻፉት፦ ቧንቧውን መክፈት፣ እጅን ማርጠብ፣ ሳሙና መውሰድ፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ቧንቧውን መዝጋት፣ ማድረቅ። ሰባት ሆነ። ልጁ አንዱ ላይ ከተንጠለጠለ እሱን ለሁለት ክፈሉት።

ስትቀርጹ ካሜራው የልጁ ዓይን ባለበት ከፍታ ይሁን፤ እጆቹ ብቻ እንዲታዩ ከትከሻ በላይ ሆናችሁ ቅረጹ። ልጁ በሚጠቀምበት ቧንቧና በዚያው ሳሙና ይሁን። ሙዚቃ የለም። ለእያንዳንዱ ድርጊት አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ «ሳሙና እወስዳለሁ።» ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ አይለፍ።

ቪዲዮውን የምታሳዩት ሊታጠብ ሲል እዚያው ቧንቧው አጠገብ ነው። ጠዋት ክፍል ውስጥ አሳይቶ ከሰዓት «ታጠብ» ማለት አይሠራም። ሙሉውን መያዝ የሚከብደው ከሆነ ቆራርጡት፦ አንዱን አሳዩ፣ አቁሙ፣ ያድርገው፣ ቀጣዩን አሳዩ። ሌላም መንገድ አለ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት አብራችሁት አድርጋችሁ የመጨረሻውን ብቻ ለእሱ ተዉለት። እሱን ሲችል የመጨረሻዎቹን ሁለት። እንዲህ ከኋላ ወደ ፊት ሲኬድ ልጁ ሁልጊዜ የሚጨርሰው በራሱ ነው፤ ይህ ደስ ይለዋል።

ራሱን ማየት የሚወድ ልጅ ካለ እሱን ራሱን ቅረጹት። እየረዳችሁት ያድርግ፣ ከዚያ የእናንተ እጅና ድምፅ ያለበትን ቆርጣችሁ አውጡ። የቀረው በራሱ ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር። ቪዲዮው ከትምህርቱ ውጪ የትም አይላክ፤ ሶሻል ሚዲያ ላይ በፍጹም።

እርምጃ 6፦ መርሐ ግብርና ሰዓት

ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የማያውቅ ልጅ ይጨነቃል። በሥዕል የተደረደረ የቀኑ መርሐ ግብር ብዙ ለቅሶ ያስቀራል። ሥዕል ለማይገባው ልጅ የራሱን ዕቃ ፎቶ ተጠቀሙ። ፎቶም ካልገባው ዕቃውን ራሱን አሳዩት። «መጀመሪያ ይህ፣ ከዚያ ያ» የሚል ሁለት ሳጥን ብቻ ለብዙዎች በቂ ነው። ሰዓት ቆጣሪው ቁጥር ሳይሆን እየቀነሰ የሚሄድ ቀለም የሚያሳይ ይሁን።

ታብሌቱን ማስቀመጥ ራሱ መማር ያለበት ችሎታ ነው። ከእጁ አትንጠቁት። ቀለሙ ሲያልቅ እሱ ራሱ የሚያስቀምጥበት ሳጥን አዘጋጁ፣ ከዚያም የሚወደው ነገር ይቀጥል። ለትንንሾቹ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው ምክር አለ፦ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት በቀን ከ1 ሰዓት አይበልጥ። ልጁ የሚነጋገርበት ሰሌዳ ግን ከዚህ ጋር መቆጠር ያለበት አይመስለኝም።

እርምጃ 7፦ አፑን ራሱን ፈትኑት

ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት አፑ ላይ ሆን ብላችሁ ተሳሳቱ። አንዳንድ አፕ ሲሳሳቱ የሚያስቅ ድምፅ ያወጣል፣ ሲመልሱ ደግሞ ዝም ይላል። ልጁ ድምፁን ወዶ እየተሳሳተ ሲሄድ «አልገባውም» ይባላል። ገብቶታል፤ የፈለገውን እያደረገ ነው።

ምርጫዎቹንም ቁጠሩ። ሁለት ሥዕል ብቻ የሚያሳይ አፕ ላይ ዝም ብሎ የሚነካ ልጅ ከ10 ውስጥ ወደ 5 ያገኛል። ስለዚህ 5 ማግኘቱ ምንም አያሳይም። ሦስት ወይም አራት ምርጫ ያለው ይሻላል። ትክክለኛው መልስ ቦታውን ካልቀያየረ ደግሞ ልጁ የሚማረው ቦታውን ነው።

እርምጃ 8፦ እርዳታውን ቀንሱ፣ ከስክሪኑም አውጡት

ስትረዱ ከትንሹ ጀምሩ፦ መጠበቅ፣ ከዚያ በዓይን ማመልከት፣ ከዚያ በጣት፣ ከዚያ ሠርቶ ማሳየት። እጅ መያዝ የመጨረሻው ነው፤ እሱም ሥራውን ለማስጀመር እንጂ መልስ ለማስነካት አይደለም። አዲስና ከባድ ሥራ ላይ ግን ተቃራኒው ይሻላል፤ በብዙ እርዳታ ጀምራችሁ ቶሎ ቶሎ ቀንሱ። ሳትቀንሱ ከቆያችሁ ልጁ የእናንተን ጣት መጠበቅ ይለምዳል።

ታብሌት ላይ እስከ 5 የሚቆጥር ልጅ «አምስት እርሳስ ስጠኝ» ሲባል ሊጠፋበት ይችላል። አዲስ ነገር አይደለም፤ አንድ ቦታ የተማሩትን ሌላ ቦታ መጠቀም ለእነዚህ ልጆች ከባድ ነው። ስክሪን ላይ የሠራውን በዚያው ቀን በዕቃ ያድርገው። በሌላ ሰው፣ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ዕቃ ይሞከር። እኔ ችሎታውን «ተማረ» ብዬ የምመዘግበው ከስክሪን ውጪ ሳየው ብቻ ነው።

እርምጃ 9፦ መዝግቡ፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ

በመጀመሪያው ሳምንት ያደረጋችሁትን ያንኑ ምልክት ቀጥሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ካልተለወጠ መጀመሪያ አፑን አትቀይሩ። ደረጃውን አሳንሱት። ወይም የሚሰጠው ማበረታቻ በእውነት የሚወደው መሆኑን እዩ። ወይም ሰዓቱን፤ እንቅልፍና ረሃብ ባለበት ምንም አይገባም። በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ለውጡ፤ ሦስቱን አብራችሁ ከለወጣችሁ የሠራውን አታውቁትም።

ቤትና ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ሰሌዳ ይጠቀሙ። ትምህርት ቤት «እርዳኝ» ያለ ልጅ ቤት ሲሄድ ቁልፉን ካጣው ተመልሶ ማልቀስ ይጀምራል። ወላጆችን ጠርታችሁ እየነካችሁ እንዴት እንደምትናገሩ አሳዩአቸው፤ ወረቀት ከመላክ ይሻላል።

የሰሌዳውን ፋይል በየጊዜው ሌላ ቦታ ቅዱ። ታብሌት ተሰብሮ የልጁ ቃላት አብረው እንዳይጠፉ ነው። ክፍል ሲቀይር ደግሞ መሣሪያው አብሮት ይሂድ፤ ለአዲሱ መምህርም አንድ ገጽ ጻፉለት፦ የትኞቹን ቃላት በራሱ እንደሚነካ፣ ስንት ሰከንድ እንደሚጠበቅለት፣ የትኛው ድምፅ እንደሚያስደነግጠው፣ የታብሌቱ ፓስወርድ ምን እንደሆነ።